ወራጅ አለ

ሰኞ፣ 2

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ናት። ሰማያዊ ሽፋን ያለው የተማሪ ደብተር ነው። «አባባ፣ ስንት ሰዓት እንደተኙ፣ ስንት ሰዓት እንደነቁ፣ ቀን ምን እየሠሩ እንደዋሉ ይጻፉልኝ። የሚመጣው ወር ሲገባ ይዘውት ይምጡ» አለችኝ። ሠላሳ አራት ዓመት አውቶቡስ እየነዳሁ መነሻና መድረሻ ሰዓት ስመዘግብ ኖሬ፣ በጡረታዬ ደግሞ የእንቅልፌን ልመዘግብ ነው።

ጤና ጣቢያ ጎትታ የወሰደችኝ ባለቤቴ ናት። እኔ የማማርረው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ቀን ቀን እንቅልፍ ይጥለኛል። ባለፈው ሳምንት ወተት ጥጄ ወንበር ላይ አሸለበኝ። ባለቤቴ ከሱቅ ስትመለስ ቤቱ በጭስ ታፍኗል፣ ድስቱ ከስሏል፣ እኔ አጠገቡ ቁጭ ብያለሁ። «እንዴት አይሸትህም?» አለችኝ። አልሸተተኝማ።

ነርሷ «ሌሊትስ?» ስትለኝ «እንደ ድንጋይ ነው የምተኛው» አልኳት። ወደ ባለቤቴ ዞረች። «እማማ፣ ሌሊት ይናገራሉ? ይንቀሳቀሳሉ?» ባለቤቴ የቦርሳዋን ዚፕ ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። «ኧረ ደህና ነው የሚተኛው» አለች።

እንግዲህ እንጀምር። የተኛሁት ምሽት ሦስት ሰዓት። የነቃሁት ጠዋት አሥራ ሁለት። ቀን የሠራሁት፣ ምንም።

ማክሰኞ፣ 3

ሦስት ሰዓት ተኛሁ። አሥራ ሁለት ተኩል ነቃሁ። ዘጠኝ ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ሲነዳ እንዳደረ ሰው ሰውነቴ ለምን ይዝላል? ቀኝ ባቴን ቁርጥማት ይዞታል።

ሐሙስ፣ 5

ራስጌዬ የነበረው መብራት የለም። ስጠይቃት «አምፖሉ ተቃጥሎ ነው» አለች። አምፖል ተቃጠለ ተብሎ መብራቱ ከነእግሩ ይነሳል? ውሃ የምጠጣበት ብርጭቆም በፕላስቲክ ኩባያ ተለውጧል። የራስጌዬ ጠረጴዛ አንድ ክንድ ያህል ከአልጋው ርቋል። ጎንበስ ብዬ ወለሉን ዳበስኩ፤ እግሮቹ የቆሙበት ምልክት እንዳለ ነው። ቤቴን አንድ ሰው ቀስ በቀስ እያንቀሳቀሰው ነው።

እሑድ፣ 8

ነርሷ ሕልም ይጻፉ አላለችኝም። ግን ሁልጊዜ ያው ሕልም ስለሆነ ልጻፈው።

አውቶቡሱ የድሮው ነው፤ መሪው ትልቅ፣ ማርሹ የሚያንገራግር። ጨለማ ነው። ይዘንባል፤ አንደኛው የዝናብ መጥረጊያ አይሠራም። ተሳፋሪ የለኝም፣ በመስታወቱ ሳይ ወንበሮቹ ሁሉ ባዶ ናቸው። ከፊት ለፊቴ መንገዱ መሐል አንድ ሰው ቆሟል። ኮት አልለበሰም፣ ሸሚዙ በዝናቡ ገላው ላይ ተለጥፏል። ፊቱ አይታይም። ጡሩምባ እነፋለሁ፤ ንቅንቅ አይልም። ፍሬን እረግጣለሁ። ፍሬኑ ልስልስ ይልብኛል። ደግሜ እረግጣለሁ፣ ደግሜ፣ በሙሉ ጉልበቴ።

ያን ጊዜ ከኋላ አንዲት ሴት «ወራጅ አለ» ትላለች። ሳትቆጣ፣ በቀስታ። አውቶቡሱ ወዲያው ቀጥ ይላል። በሩን እከፍታለሁ። ማንም አይወርድም። በመስታወቱ አያለሁ፤ ማንም የለም።

ከዚያ ይነጋል።

በሠላሳ አራት ዓመት ውስጥ አንድም ሰው አልነካሁም። መሥሪያ ቤቱ ሲያሰናብተኝ ይህንኑ መስክሮ የሰጠኝ ወረቀት ሳሎን ተሰቅሏል።

ሰኞ፣ 9

ባለቤቴ የእግሯ አገዳ ላይ በልዟል። «ምን ሆነሽ ነው?» አልኳት። «ቁም ሳጥኑ መትቶኝ» አለች። ሄጄ አየሁት፣ በሩ እውነትም ወጣ ብሏል። ጠዋቱን ሙሉ ጠርዙን በሞረድ ሳለሰልስ ዋልኩ። ስጨርስ የቀኝ እጄ አንጓዎች ተልጠዋል። ሞረዱ ይሆናል። ጠዋት ፊቴን ስታጠብም ያቃጥለኝ ነበር እንጂ።

ረቡዕ፣ 11

አሁን የሚያሳስበኝ የራሴ ነገር አይደለም፤ የእሷ ነው።

ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ናት። የሰባ ዓመት ሴት ሆና እንኳን በአካባቢው ያሉ ልጆች የደንብ ልብስ የሚሰፋላቸው እሷ ጋ ነው። አርባ ስድስት ዓመት አብረን ስንኖር አንድ ቀን ልክ ስታሳስት አላየሁም። ዛሬ የአንዲት ተማሪን ሸሚዝ ግራ እጅጌ በቀኝ በኩል ሰፋችው። ልጅቷ ለብሳው ስትስቅ ነው ያወቀችው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ማሽኑ ላይ እንደተደፋች ተኝታ አገኘኋት፤ እግሯ መርገጫው ላይ ነው። በስሟ ብጠራት ደንግጣ ተነሳችና በሁለት እጆቿ ፊቷን ጋረደች።

«እኔ ነኝ እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። እጆቿን ግን ቶሎ አላወረደችም።

እርጅና እንዲህ ነው የሚጀምረው። ከእኔ በፊት እሷን ያዛት።

ቅዳሜ፣ 14

ባለቤቴ ከዛሬ ጀምሮ በስፌት ክፍሏ ልትተኛ ነው። «ታንኮራፋለህ» አለች። አርባ ስድስት ዓመት ስታንኮራፋ ኖረህ ዛሬ ገና ሰለቸኝ ማለቷ ነው እንግዲህ። ታጣፊ አልጋዋን ዘርግታ፣ ትራሷን ይዛ ሄደች። ስትወጣ በሩ ላይ ቆም ብላ ረጅም ጊዜ አየችኝ፣ ሩቅ አገር የሚሄድ ሰው እንደሚያይ።

ከሰዓት ፉጨት መጣ። ፉጨት አሥራ አንድ ዓመት አብሮኝ የሠራ ቲኬት ቆራጭ ነው፤ እሱ ካላፏጨ አውቶቡሱ ስለማይንቀሳቀስ ስሙ እንዲያው ፉጨት ሆኖ ቀረ። ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖረው፣ እጁም ለሁሉ ነገር ሸጋ ነው። መሰርሰሪያውን ይዞ በቀጥታ ወደ ስፌት ክፍሉ ገባ።

«ምን ልትሠራ ነው?»

«መቀርቀሪያ። ከውስጥ አድርግልኝ ብላኛለች።»

«ከውስጥ? ማን እንዳይገባባት?»

ፉጨት ብሎኑን በጥርሱ ይዞ ነበር። አውጥቶ መዳፉ ላይ አገላብጦ አየው። «ሴቶች አንዳንድ ጊዜ ብቻቸውን መሆን ይወዳሉ» አለኝ። ብሎኑ የጣት ርዝመት አለው። ለሴት ብቸኝነት ይህን ያህል ብሎን አያስፈልግም።

ማክሰኞ፣ 17

ሰውየው ቀረብ ብሏል። ዛሬ የዝናብ መጥረጊያው ሸሚዙን ሊነካው ምንም አልቀረውም። ፍሬን ረገጥኩ፣ ረገጥኩ። ሴትየዋ እስክትናገር ጠበቅኩ። አልተናገረችም።

ስነቃ ኮሪደሩ ላይ ቆሜያለሁ። እግሬ በረዶ ሆኗል። ስንት ሰዓት እንደነበር አላውቅም። ወደ አልጋዬ ተመለስኩ። ለባለቤቴ አልነገርኳትም፤ የራሷ ጣጣ ይበቃታል።

ሐሙስ፣ 19

ዛሬ በዓይኔ በብረቱ አየሁ።

ከወትሮው ቀድሜ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነቃሁ። ኮሪደሩ ላይ እንጨት ሲጎተት ይሰማል። በሩን ገርበብ አድርጌ አየሁ። የምግብ ክፍላችን ስድስቱም ወንበሮች ኮሪደሩ ውስጥ ሁለት ሁለት ሆነው ተደርድረዋል፤ ሁሉም ፊታቸውን ወደ ውጭ በር አዙረዋል። ከሁሉም ፊት የእኔ በርጩማ ብቻዋን ተቀምጣለች። ባለቤቴ በሌሊት ልብሷ ሆና ወንበሮቹን አንድ በአንድ እያነሳች ወደ ቦታቸው ትመልሳለች። አታማርርም፣ አታለቅስም። ለዓመታት ስትሠራው እንደኖረችው ሥራ ነው የምትሠራው።

ቀስ ብዬ በሩን ዘጋሁና አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። ሚስቴ ሌሊት ወንበር ትደረድራለች። የራሷን ድርድር ራሷ ታፈርሳለች።

ጠዋት ሻይ ቀድታልኝ ወደ ማሽኗ ሄደች። ለልጃችን ስልክ ደወልኩ። «እናትሽ ደህና አይደለችም» አልኳት። «ምን ሆነች?» «ሌሊት ትነሳለች። ትወድቃለች መሰለኝ፣ ሰውነቷ ይበልዛል።» ልጄ መምህርት ናት፣ ጥያቄ ታበዛለች። ዛሬ ግን «እሑድ እመጣለሁ» ብላ ዘጋችው።

እሑድ፣ 22

ልጃችን መጣች። ሳመችኝ፣ ግን ዓይኗ እጄ ላይ ነበር።

ሁለቱ ኩሽና ገቡ። እኔ ሳሎን ሬዲዮ ከፍቼ ተቀመጥኩ። ሬዲዮው መሐል ላይ እንደ ልማዱ ድምፁ ጠፋ። ያን ጊዜ ነው የሰማሁት።

«እማ፣ እሱ ነው?»

«ድምፅሽን ቀንሺ።»

«እሱ ነው ወይ አልኩሽ።»

ውሃ ተከፈተ፣ ተዘጋ።

«ቀን እሱ ነው» አለች ባለቤቴ። «ሌሊት የሚመጣው ሌላ ነው።»

ልጄ የመለሰችላትን አልሰማሁም። ሬዲዮው እንደገና ጮኸ።

ሌሊት የሚመጣ ሰው አለ። እዚህ ቤት፣ እኔ ተኝቼ እያለሁ። ባለቤቴ ታውቃለች፣ ትፈራዋለች። መቀርቀሪያውን ያሠራችው ለእሱ ነው። እግሯን የመታት ቁም ሳጥን አይደለም።

ልጄ ልትሄድ ስትል ፊት ለፊቴ ቆመች። «አባዬ፣ እጅህን አሳየኝ።» ሰጠኋት። አንጓዎቼን በአውራ ጣቷ ነካካቻቸው። «ይሄ ምንድን ነው?» «ሞረድ ነው፣ ቁም ሳጥን ሳስተካክል።» ወደ እናቷ ዞራ «ልብስሽን ያዢ፣ ከእኔ ጋር ትሄጃለሽ» አለቻት።

«ቤቴን ትቼ የትም አልሄድም» አለች ባለቤቴ።

«እማ።»

«አልኩሽ እኮ፣ የትም አልሄድም።»

ልጄ በሩን ስትዘጋው የምስክር ወረቀቴ ግድግዳው ላይ ተንጋደደ። አቃናሁት። ልጅ በአባቷ ላይ እንዲህ ያለ ዓይን ማንሳት ከየት ተማረች? እኔ እሷንም ሆነ ወንድሞቿን በጥፊ እንኳን መትቼ አላውቅም።

ሰኞ፣ 23

መስኮቶቹን ሁሉ አየሁ፤ ደህና ናቸው። የውጭውን በር ሁለቴ ቆለፍኩ፣ ቁልፉን ትራሴ ሥር አደረግኩ። ከባለቤቴ የልብስ ማስመሪያ ጠመኔ ሁለት ወስጄ ፈጭቼ ዱቄቱን ውጭ በር ሥርና ኮሪደሩ ላይ ነሰነስኩት። ማንም ይሁን ማን፣ እግር አለው።

ማክሰኞ፣ 24

ዱካ አለ። ባዶ እግር ነው።

ውጭ በሩ ሥር ያለው ዱቄት አልተነካም። ዱካው የሚጀምረው ከኮሪደሩ ነው። ወደ ስፌት ክፍሉ በር ይሄዳል፣ እዚያ ብዙ ይረግጣል፣ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ ይመለሳል።

በስንዝር ለካሁት። የእኔን እግር ያህላል። የእኔን ያህል እግር ያለው ብዙ ሰው አለ።

በመጥረጊያ ጠረግኩት። ዛሬ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ረቡዕ፣ 25

የስፌት መርፌ የባለቤቴን ጣት በጥፍሩ በኩል በሳው። ማሽኑ ላይ እንቅልፍ ወስዷት ነው። አልጮኸችም እንኳን፤ «ና እስቲ» ብላ ጠራችኝ፣ ሄድኩ፣ ጣቷ ማሽኑ ላይ ተሰክቷል። ጎማውን በእጄ ወደ ኋላ አዙሬ አወጣሁላት። ጭንቅላቷን ትከሻዬ ላይ ደገፍ አድርጋ ቆየች። «ደክሞኛል» አለች። «በጣም ነው የደከመኝ።»

«ሂጂ ተኚ፣ እኔ እጠብቅሻለሁ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። የምትስቅ መስሎኝ ነበር።

ዓርብ፣ 27

ሰውየው ገባ። በሩን አልከፈትኩለትም፣ ግን አጠገቤ ቆሟል፤ ውሃው ከሸሚዙ ጉልበቴ ላይ ይንጠባጠባል። መሪውን ያዘብኝ። ወደ ገደሉ ነው የሚጠመዝዘው። ለቀቅ አድርግ አልኩት። አንገቱን ያዝኩት። ቀጭን አንገት ነው፤ ይህን ያህል ቀጭን ይሆናል ብዬ አልጠበቅኩም። ከዚያ ከሩቅ፣ ተቆራርጦ፣ የሴትየዋ ድምፅ መጣ። አቆምኩ።

ዛሬ ሙቀት ነው፤ ዝናቡም አባርቷል። ባለቤቴ አንገቷ ላይ ሻርፕ ጠምጥማ ዋለች። ቁርስ ላይ፣ ምሳ ላይ፣ ማሽኑ ላይ።

አልጠየቅኳትም። ለምን እንዳልጠየቅኳት አላውቅም።

እሑድ፣ 29

ዛሬ አልተኛም። የእጅ ባትሪዬን ይዤ በርጩማዬን ኮሪደሩ ላይ፣ ከስፌት ክፍሉ በር ፊት ለፊት አስቀምጫለሁ። ደብተሩ ጉልበቴ ላይ ነው። ሁለት ኩባያ ወፍራም ሻይ ጠጥቻለሁ። የሚመጣው ይምጣ። ሠላሳ አራት ዓመት ሌሊት ነድቻለሁ፣ አንድ ሌሊት መንቃት አያቅተኝም።

አምስት ሰዓት። ጸጥታ ነው።

ስድስት ሰዓት። ባለቤቴ ውስጥ ስትገላበጥ ይሰማኛል። እሷም አልተኛችም።

ሰባት ሰዓት ከሩብ። ዝናብ ጀመረ።

ሰኞ፣ 30

ሁሉንም እጽፈዋለሁ። ካልጻፍኩት ነገ ሌላ ነገር ነው የምለው።

ዝናቡ መስታወቱ ላይ ይወርድ ነበር። መጥረጊያው አልሠራም። ሰውየው ዛሬ ከውጭ አልነበረም፤ ከአንድ በር ኋላ ተደብቋል፣ ድምፁ ይሰማኛል። ተሳፋሪ አለብኝ፣ ባዶ ወንበሮች ሁሉ የእኔ ኃላፊነት ናቸው፣ እሱ ከኋላቸው ሆኖ አንድ ነገር ሊያደርግ ነው። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። ደግሜ ገፋሁት። አንድ ነገር ተሰነጠቀ።

«ወራጅ አለ።»

አቆምኩ።

«ወራጅ አለ፣ ሹፌር። እዚህ ጋ ነኝ እኔ። ቀስ ብለህ አቁም። ቀስ።»

ድምፁ ከኋላ አልነበረም፣ ከፊቴ ነበር። ዓይኔ ክፍት ኖሯል፤ መጀመሪያ ያየሁት የልብስ ስፌት ማሽኑን ነው። ቀጥሎ የተገነጠለውን መቀርቀሪያ፣ ከነረጃጅም ብሎኖቹ ወለሉ ላይ። ከመቁረጫ ጠረጴዛው ማዶ ባለቤቴ ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ትራሷን በሁለት እጇ ከፊቷ ይዛዋለች። ሻርፕ አላደረገችም። አንገቷ ላይ የጣቶች ምልክት አለ፤ አራት በአንድ ወገን፣ አንድ በሌላው ወገን።

ቀኝ እጄ ውስጥ መቀሷ አለ። ትልቁ፣ የጨርቅ መቁረጫው።

«አስቀምጠው» አለችኝ። ድምጿ አልተለወጠም፤ ያው የአውቶቡሱ ድምፅ ነው። «ጠረጴዛው ላይ አስቀምጠው። ጎበዝ። አሁን ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ።

«ነቅተሃል?»

«ነቅቻለሁ።»

«ስሜ ማነው?»

ነገርኳት። ያን ጊዜ ትራሱን አወረደችው፤ ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። በጠረጴዛው እግሮች መሐል ተያየን።

«አንቺ ነሽ» አልኳት። «ሴትየዋ አንቺ ነሽ።»

«የቱ ሴትዮ?»

«ወራጅ አለ የምትለው።»

ፊቷን በመዳፏ ጠረገች። «ሌላ ነገር አትሰማኝም ነበር። በስምህ እጠራሃለሁ፣ አትሰማም። አለቅሳለሁ፣ አትሰማም። አንድ ሌሊት እግሬን እንደ ፍሬን ስትረግጠው ግራ ቢገባኝ ዝም ብዬ ወራጅ አለ አልኩ። አቆምክ። ከዚያ ወዲህ ሁልጊዜ እሱን ነው የምለው።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ?» አለች። «በአንድም ሰው ላይ እጅህን አንስተህ አታውቅም። ይህን ካወቅክ ከቤት ትወጣለህ ብዬ ፈራሁ።»

ከቤት እወጣለሁ። አሁንም እያሰብኩ ያለሁት እሱን ነው። አሥራ አንድ ሰዓት ሆኗል። ውጭ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። መቀሱን ከእኔ ጋር አውጥቼ የአበባው አፈር ውስጥ ቀብሬዋለሁ።

ማክሰኞ፣ 1

ፉጨት በሩን ሊጠግን መጣ። የተሰነጠቀውን እንጨት ዳበሰው።

«ታውቅ ነበር?» አልኩት።

«አይቼ አላውቅም። ግን ሴት ልጅ ጎረቤቷን አጠገቧ አስቁማ፣ መቀርቀሪያው ትልቅ ሰው በትከሻው ቢገፋው ይችላል ወይ ብላ ስትጠይቅ ምን ይባላል?»

«ለምን ለእኔ አልነገርክም?»

«አንተ ቀን ቀን ያው አንተ ነህ» አለኝ። «ፊትህን እያየሁ እንዴት ብዬ?»

ትናንት ሌሊት በረንዳ ላይ አደርኩ። አልተኛሁም። የፉጨት ውሻ ሌሊቱን በሙሉ እያየችኝ አደረች።

ሐሙስ፣ 3

ደብተሩን ለነርሷ ሰጠኋት። ቆማ ማንበብ ጀመረች፤ ሁለተኛው ገጽ ላይ ስትደርስ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ጨርሳ ስትዘጋው «እማማ የት ናቸው?» አለችኝ። ውጭ ናት አልኳት። ሄዳ አስገባቻት፣ እጇን ይዛ። ከዚያ ደብተሩን መልሳልኝ ወደ ሆስፒታል መላኪያ ወረቀት ጻፈችልን።

ማክሰኞ፣ 8

ልጃችን በመኪናዋ ወሰደችን። አውራ መንገድ ላይ ስታልፍ እግሬ ከእግሯ ጋር ፍሬን ሲረግጥ አየሁት፤ ከጉልበቴ በታች በእጄ ያዝኩት።

ሐኪሙ ወጣት ነው፣ ቸኩሎ አይናገርም። ባለቤቴን ሁሉንም አስነገራት፤ እኔ ግድግዳውን እያየሁ ሰማሁ። ከጻፍኩት ይበልጣል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ።

«ሽታ ይሸትዎታል?»

«ድሮ።»

ኮሪደሩ ላይ ሄደው ይዙሩ አለኝ፤ ዞርኩ። አውራ ጣትና ሌባ ጣትዎን ያነካኩ አለኝ፤ አነካካሁ። ግራ እጄ ቀኝ እጄን ሊከተለው አልቻለም። እስከ ዛሬ ልብ አላልኩትም ነበር።

«ሰው ሲያልም ሰውነቱ ይታሰራል» አለ። «ሕልሙን በአእምሮው ብቻ እንዲያየው ነው። የእርስዎ ማሰሪያ ላልቷል። ክፋት አይደለም፣ እብደትም አይደለም፣ በሽታ ነው። መድኃኒት አለው። ለብቻዎ ይተኛሉ፣ ክፍሉ ውስጥ የሚያነሱት ነገር አይኖርም፣ አልጋው ዝቅ ይላል።»

«ከዚያስ?» አለች ልጄ።

ሐኪሙ እስክሪብቶውን አስቀመጠው። «አንዳንዱ ሰው ላይ ከዓመታት በኋላ ሌላ ነገር ይዞ ይመጣል። መንቀጥቀጥ፣ መዘግየት። ሁሉም ላይ አይደለም። እየተከታተልን እናያለን።»

ወደ መኪናው ስንሄድ ልጄ ከኋላዬ መጣች። የኮቴ ኮሌታ ተጣጥፎ ነበር መሰል፣ አስተካከለችው። «አባዬ፣ እኔ ሌላ ነገር ነበር ያሰብኩት» አለችኝ።

«ልክ ነሽ። እኔም ብሆን እሱኑ ነበር የማስበው» አልኳት።

ሐሙስ፣ 10

ክፍሌ ባዶ ሆኗል። ፍራሽ መሬት ላይ፣ ብርድ ልብስ፣ ሌላ ምንም። ቁም ሳጥኑን ፉጨትና የልጄ ባል አወጡት። ልክ ባዶ የመኪና መጋዘን ይመስላል፤ ስናገር ያስተጋባል።

መቀርቀሪያ ከውጭ በኩል በእኔ በር ላይ እንዲገባ ፉጨትን ለመንኩት። ባለቤቴ መጥታ መሰርሰሪያውን ከእጁ ወሰደችው።

«ቤቴ ውስጥ እስረኛ አላሳድርም» አለች።

«ከገደልኩሽስ?»

ፉጨት ወደ ውጭ ወጣ።

«እንዳትገድለኝ ነው መድኃኒቱን የምትውጠው» አለችኝ። «በእኔ በር ላይ ያለው ይበቃል። እሱን እዘጋዋለሁ፣ ቃሌ ነው። ያንተ ላይ ግን ቃጭል ነው የምናንጠለጥለው።»

ቃጭል አንጠለጠልን። ስገባ ስወጣ እንደ በግ እደውላለሁ።

ሰኞ፣ 14

አራተኛ ቀን መድኃኒት። አጠገቤ ተኝቶ የሚነግረኝ ሰው ስለሌለ ሌሊት ምን እንደሆንኩ አላውቅም። ሰውየውን አላየሁትም። ግን አላየሁትም ማለት አልመጣም ማለት ነው?

ነርሷ ደውላ ነበር። «አባባ፣ የሌሊቱን እርስዎ ሊጽፉት አይችሉም፤ እርስዎ የሉማ። እማማ ይጻፉት» አለችኝ። ልክ ናት። ይህን ሁሉ ስጽፍ የተኛሁበትንና የነቃሁበትን ሰዓት በትክክል ጽፌያለሁ፤ መሐሉ ላይ ያለው ሁሉ ውሸት ነው።

ደብተሩን ለባለቤቴ ሰጠኋት። ከመጀመሪያው ጀምራ ልታነበው ትችላለች። ስታነብ እኔ ውጭ እሆናለሁ።

ሐሙስ፣ 17

እኔ የምጽፈው የወገብና የትከሻ ልክ ነው፤ ወሬ መጻፍ አላውቅበትም። ቢሆንም እጽፋለሁ።

የጻፈውን አነበብኩ። እሱ ነገሩ ባለፈው ወር የጀመረ ይመስለዋል። ሦስት ዓመት ነው። ወንበሮቹን ዘጠኝ ጊዜ ደርድሯል። አንድ ጊዜ ውጭ በሩን ከፍቶ መንገዱ መሐል ደርሷል፤ እዚያ ዝናብ ላይ በሸሚዝ ቆሞ ነበር፣ እጁን ይዤ መለስኩት። አንገቴን የያዘኝ ሌሊትም ኮሪደሩ ላይ ሲታገል ሰምቼ፣ እንዳይወጣ ብዬ መቀርቀሪያዬን ከፍቼ ነው። ይህን አልነግረውም። ደብተሩን ካነበበው ያንብበው።

አሁን ሌሊት የሆነውን። ሦስት ሰዓት ተኩል ተኛ። ቃጭሉ አልጮኸም። ስድስት ሰዓት ላይ ጆሮዬን ግድግዳው ላይ አድርጌ አዳመጥኩ፤ ይተነፍሳል። ስምንት ሰዓትም። እሱ ተኝቶ እኔ መተኛት አቃተኝ። እግር የሚሰማ ይመስለኛል፣ እነሳለሁ፣ የለም፣ እተኛለሁ፣ እነሳለሁ። በሬን ቆልፌ ብቀመጥ ደግሞ ጸጥታው ያስፈራኛል።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ቃሌን አፍርሼ በሬን ከፈትኩ። የእሱን ቃጭል በእጄ አፍኜ ገብቼ ፍራሹ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። በጀርባው ተኝቷል፣ እጆቹ ደረቱ ላይ ናቸው። አንዱን ነካሁት። አልደነገጠም፣ አልጨበጠኝም። ጥቂት ልቀመጥ ብዬ ነበር።

ዓይኔን ስገልጥ ፀሐይ ወለሉ ላይ ደርሳለች፤ ብርድ ልብሱ ሙሉ በሙሉ እኔ ላይ ነው። እሱ ራቅ ብሎ፣ በሩ ሥር፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ እጆቹን በጉልበቶቹ መሐል ቆልፎ ተቀምጧል። የእጅ ሰዓቱን እያየ ነበር።

«ከአሥራ አንድ ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ተኩል ተኛሽ» አለኝ። «አንዴም አልነቃሽም። ጻፊው።»